መ የቷ ናት?

ጥፊው ሲጮህ ዙህራ ጓዳ ሆና ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን ጥላ ወደ ሱቁ ወጣች።

ኢስራ ከባንኮኒው ጀርባ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። ግራ ጉንጯ ላይ የአባቷ ጣቶች ቀልተው ወጥተዋል። አላለቀሰችም። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለቅሶ ሌላ ጥፊ እንደሚጠራ ካወቀች ግን ሰነበተች።

«መ» አለ ከሊል ከአጠገቧ ቆሞ። «መ የቷ ናት? አፌን ምን ታያለሽ? አፌ ላይ ተጽፏል? ገበታውን እዪ።»

ኢስራ ዓይኗን ከአባቷ አፍ ነቅላ ወደ ገበታው መለሰች። ጣቷ ሄዶ «በ» ላይ አረፈ። ከሊል ደገማት።

ከሊልን የሶዶ ገበያ ደግ ሰው ነው ይለዋል። እውነት ነው፣ ደግ ነው፤ ለደንበኛ። ከስልጤ በመጣው አባቱ ሱቅ ለመቀመጥ ከሦስተኛ ክፍል የቀረ ሰው ነው፤ ያን ቁጭቱን ሁሉ ጠቅልሎ በዚች አንድ ፍሬ ልጅ ላይ ጭኖታል። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ በቅርቡ አስጠርታው፣ «ልጅቷ ትፈዛለች፣ ስንጠራት አትሰማንም፤ ሰኞ ፈተናውን ካላለፈች አንደኛ ክፍል አትገባም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። እሱም ቁርአን የቀራው በአርጩሜ ነው፤ ከዱላ ሌላ ማስተማሪያ ያለ አይመስለውም።

«ከሊል፣ ይሄ ልጅ ምን አጠፋ?» አለች አማርኛዋ ሴትና ወንድ የማይለየው ጎረቤታቸው ቦሼ። ጨው ልትገዛ መጥታ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀርታለች።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል፣ እትዬ ቦሼ።»

«ተቀጣ እኮ። አሁንስ ልትገድለው ነው?»

ዙህራ መሀል ገባች። «ከኔ ጋር ሁሉንም ታውቃለች፣ ከሊል። ማታ ማታ እየጠራሁላት አንዷን አትስትም።»

«አንቺማ ሹክ ትያታለሽ።»

«ወላሂ አልላትም። ደረቴ ላይ ጋደም ብላ፣ እኔ ስጠራ እሷ ደብተሯ ላይ ታሳየኛለች።»

«እንግዲያው እኔን ንቃኝ ነዋ» አለ ከሊል። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደው። ዙህራን በክርኑ ገፈተራት፤ ጀርባዋ ከመደርደሪያው ተላተመና የሳሙና ካርቶን ተንዶ ወደቀ።

ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው ያጓራል። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዓመት ስለነበር፣ ተራው የደረሰ ዕለት ወፍጮው እረፍት የለውም። ዙህራ መደርደሪያውን ተደግፋ ልጇን አየቻት። ማታ ደረቷ ላይ ስትጋደም ሁልጊዜ ግራ ጉንጯን ነው የምታስተኛው፤ ቀኝ ጆሮዋ ወደ ላይ ነው። ከሊል ደግሞ የቆመው በግራዋ ነው። ሰሞኑን ልጅቷ «እማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ንብ አለ» ስትላት፣ ምች ነው ብላ ዘይት አሙቃ ጠብ አድርጋላት ነበር። ትራሱ ላይ ቢጫ ነገር ስታይም ያው ምች ነው ብላለች።

ሄዳ በኢስራ ግራ ተንበረከከች። አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ «ከረሜላ ልስጥሽ?» አለቻት። ልጅቷ ገበታውን ታያለች። «ኢስራ፣ አባትሽ እንደገና ሊመታሽ ነው» አለች። የእጅ ጥላ ሲያልፍባት የምትሸማቀቅ ልጅ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ዙህራ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ቀኝ ዞረች። «መ» አለች በዚያው ድምፅ። የኢስራ ጣት በርሮ «መ» ላይ አረፈ። «ሸ» አለች። ልጅቷ «ሸ»ን አሳየቻት። «ቀ» አለች። «ቀ»ን አሳየቻት።

«አየህ?» አለች ዙህራ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ልጅህ ደደብ አይደለችም። አደንቁረሃታል። በዚህ እጅህ ነው ያደነቆርካት።»

«ውሸት ነው። ታስመስላለች» አለ ከሊል። ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ግራ ጆሮዋን አንጠልጥሎ ያዘና ጎንበስ ብሎ «መ!» ብሎ ጮኸባት። ኢስራ ጆሮዋን ለማስለቀቅ እጁን እየቧጠጠች ጮኸች።

ዙህራ ያሰበችው ነገር አልነበረም። እጇ ከሚዛኑ አጠገብ የአንድ ኪሎውን ብረት አገኘ፤ አንስታ በሙሉ ጉልበቷ ግንባሩ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ሲመታ ተሰማ። ከሊል ልጅቷን ለቀቀና በቁሙ ተልፈስፍሶ ጆንያዎቹ ሥር ተቀመጠ፤ ደሙ በቅንድቡ ላይ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። ዙህራ ብረቱን ደግማ አነሳች። ልትገድለው ፈልጋለች፤ በዚያች ሰዓት ሌላ ምንም አልፈለገችም። ቦሼ ባንኮኒውን አልፋ ከኋላ ክንዷ ላይ ተጠመጠመች።

«ተይ ዙህራ፣ በኢየሱስ ስም፣ ልጁ እያየ ነው።»

ሲተናነቁ ብረቱ መሬት ወደቀ።

ከሊል ሚስቱን አላያትም። የሚያየው የልጁን ጆሮ ነው፤ ከጆሮዋ ውስጥ ቀጭን ቢጫ ፈሳሽ ደም ቀላቅሎ ወደ አንገቷ ይወርዳል። «ኢስራዬ» አላት። አልዞረችም፤ የምታየው እናቷን ነው። እየተሳበ ተጠግቶ እግሯን ነካት። ያኔ ደንግጣ ዞረች።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ» አላት። ድምፁ እፍ የማለት ያህል ነበረች፤ ወፍጮው ዋጣት። «አፉ በይኝ።»

ኢስራ የአባቷን አፍ አተኩራ አየች። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ፈጥና ወደ ገበታው ዞረችና ጣቷን «ሀ» ላይ አደረገች፤ ፊቱን አየች። ቶሎ አንስታ «ለ» ላይ አደረገች፤ ደግሞ ፊቱን አየች።