ከመርከቧ ሥር የቆሙት ጀለቢያ ሻጭ

“አትንኪው! ኒሃል... አትንኪው አልኩሽ!”

ራኡፍ የሚስቱን እጅ ለቀም አድርጎ ወደ ኋላ ጎተታት።

በመርከቧ ሰገነት ላይ፣ እግራቸው ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጀለቢያ ወድቋል።

ናይል ላይ በመርከብ የተንሸራሸረ ሰው ያውቀዋል። ኢስና ከተማ ሲደረስ መርከቦች የግድቡ በር እስኪከፈትላቸው ተራ ይጠብቃሉ። ያኔ ሻጮች በትንንሽ ጀልባ ተጠግተው ዕቃቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ። የወደደ ገንዘቡን በላስቲኩ ከትቶ ይወረውርላቸዋል፤ ያልወደደ ዕቃውን ይመልሳል።

ያን ሰሞን ግን ኮሮና ገብቷል። የውጭ ቱሪስት ሸሽቷል፤ የመርከብ ሽርሽር ዋጋም እንደ ጉድ ወርዷል።

“እንዲህ ያለ ዕድል ድጋሚ አይገኝም” ብሎ ኒሃልን ከካይሮ ይዟት የመጣው ራሱ ራኡፍ ነው። እናቷ “በወረርሽኝ ጊዜ ሽርሽር? አብዳችኋል እንዴ?” ብትል ማን ሰምቷት!

ታች ጀልባው ላይ አንድ አዛውንት አንጋጠው ቆመዋል። ዐይናቸው ከራኡፍ አይነቀልም።

“ሐጂ! ስንት ነው?” አለች ኒሃል ጮክ ብላ።

“ለጌታው በነጻ ነው፣ ልጄ! እሱ ይልበሰው ብቻ።”

“ወይ ጉድ! ሰማኸው ራኡፍ? በነጻ!”

ራኡፍ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ጀለቢያውን በጫማው ጫፍ ገፍቶ... ወደ ውሃው ከተተው።

“እነዚህ ሰዎች የነኩት ሁሉ በሽታ ነው። ግቢ ወደ ውስጥ!”

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ጀለቢያውን ከውሃው አወጡና መርከቧ በሩን አልፋ እስክትሄድ ድረስ ቆመው አዩ።

ኒሃል በባሏ አፈረች። የጨዋ ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ ታመመ። መርከቧ አስዋን ላይ ታገደች፤ መንገደኛው በሙሉ ተመረመረ።

ኒሃል ነጻ ሆነች። ራኡፍ ግን ተገኘበት።

የወሰዱት መልሰው ወደ ኢስና ነው፤ ለኮሮና ሕሙማን ወደተለየው ሆስፒታል። እሷ ደግሞ ከመርከቧ ክፍል ንቅንቅ እንዳትል ተባለች። የቀራት ስልክ ብቻ ነበር።

ኢንሳፍ የምትባል ነርስ ትደውልላታለች።

“ማዳም፣ ዛሬም ትንፋሹ ከብዶታል... ግን ከሾርባው ትንሽ ቀምሷል።”

“የምን ሾርባ?”

“በስታዊ የሚባሉ አዛውንት አሉ። በየቀኑ የርግብ ሾርባ ይዘው አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። ‘ዘመድ ነዎት?’ ስላቸው፣ ‘የለም፣ ጀለቢያ ሻጭ ነኝ፤ መርከብ ላይ አይቼው ነበር፣ መታመሙን ስሰማ አሳዘነኝ’ ይሉኛል።”

ኒሃል ልቧ ተነካ። ወዲያው ባሏ ጋ ደወለች።

“ራኡፍ፣ ያ ጀለቢያቸውን ውሃ ውስጥ የከተትክባቸው ሰውዬ እኮ ናቸው ሾርባ የሚያመጡልህ! ባዕድ ሰው! ትንሽ አታፍርም?”

ራኡፍ ሲያለቅስ ሰማችው።

“ኒሃል... ባዕድ አይደሉም።”

“ምን ማለትህ ነው?”

“አባቴ ናቸው።”

አባቱ የታወቁ የካይሮ ነጋዴ ነበሩ፣ በልጅነቱ ሞተውበታል ተብሎ አይደል እንዴ የተዳረችለት?

“ያንቺ አባት ዳኛ... እኔ የጀለቢያ ሻጭ ልጅ። አፈርኩባቸው። ከሠርጋችን በፊት ኢስና ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‘አንተ ብቻ ይድላህ... ሞቷል በላቸው።’ ኒሃል፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። አስጠሪልኝ። አንዴ ‘አባዬ’ ልበላቸው።”

ኒሃል እያለቀሰች ነርሷን ለመነቻት። ኢንሳፍም ከኃላፊዋ ፈቃድ አገኘች፤ በመስኮት በኩል፣ ለአፍታ ብቻ። ወደ አጥሩ ሮጠች።

“አባባ! የራኡፍ አባት እርስዎ ነዎት?”

አዛውንቱ ደንግጠው ብድግ አሉ። የልጃቸው ጉድ የወጣ መስሏቸዋል።

“እኔ? ኧረ በአላህ! ማነው እንዲህ ያለሽ? የሱ አባት ትልቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሞተዋል። ሚስቱ ጠይቃሽ ከሆነ እንዲሁ ብለሽ ንገሪያት።”

“እሱ ራሱ እኮ ነው የላከኝ...”

“ትኩሳት ነው፣ ልጄ። ሰው ሲያተኩሰው ብዙ ያወራል።”

ሾርባውን አስረከቧትና ልጃቸውን እንዳያጋልጡት ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ኢንሳፍ ተመልሳ የሰማችውን ለራኡፍ ነገረችው።

“አባቱ አይደለሁም አሉ?”

“አዎ... ግን ነገ ሲመጡ እጃቸውን ይዤ አመጣልሃለሁ።”

ራኡፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለነገ አልደረሰም።

ለቀብሩ ከካይሮ ማንም አልመጣም። ዘመድ ሁሉ በሽታውን ፈራ። ኒሃል በልዩ ፈቃድ መጥታ፣ ነጭ የለበሱት የጤና ሠራተኞች ባሏን ሲያወርዱት ብቻዋን ቆማ አየች።

በስታዊ ከሩቅ፣ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ እንደ አላፊ አግዳሚ ቆመው ይጸልያሉ።

ኒሃል ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

“አባዬ...”

የአዛውንቱ ዐይን እንባ ሞላ። ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ቀስ በይ ልጄ... ሰው ይሰማሻል። ልጁ ያፍራል።”

ወዳጆቼ፣ ይህንን ስጽፍ እኔም እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኛል።

ያን ዓመት ሁላችንም በሽታ ፈርተን ከሰው ርቀናል። ራኡፍ ግን ከአባቱ የራቀው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ክትባት የለም። ያሳደጋችሁን ሰው ዛሬ፣ ሰው ፊት፣ “አባቴ፣ እናቴ” ብላችሁ ጥሩት። የምታፍሩበት ወላጅ እናንተን ላለማሳፈር ሲል ራሱን እየካደ ሊሆን ይችላል።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... በበስታዊ ቦታ ብትሆኑ ነርሷ ስትጠይቃችሁ “አዎ፣ አባቱ ነኝ” ትሉ ነበር? ወይስ እናንተም ትክዱ ነበር? ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።