ሦስት ደቂቃ ለወይዘሮ ቦርሰን

አርሊስ ቦርሰን «እኔና ቨርን...» እንዳለች፣ አፏን እንደከፈተች ግድግዳው ላይ ባለው የቪዲዮ ስክሪን ደርቃ ቀረች። ድምፅም የለ፣ ምንም የለ። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ሰዓቱን የምይዘው የምክር ቤቱ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ እሷ ገና አሥር ሰከንድ እንኳ አልተናገረችም።

አዳራሹ ውስጥ ቀይ ኮፍያ ካደረጉት መሀል አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኮፍያውን በር ላይ ቆሞ ያደላቸው ክሌተስ ብራንድ ነው። «ከተማው ኢንተርኔት አይነግድ» ይላል ግንባሩ ላይ።

ምክር ቤቱ ዛሬ ድምፅ የሚሰጠው ተበድረን የራሳችንን የፋይበር ኢንተርኔት መስመር እንዘርጋ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ነው። ሦስቱ አባላት እንዘርጋ፣ ሦስቱ ይቅር እንደሚሉ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የቀረው የትራክተር መለዋወጫ ሻጩ ዱዌይን ሃተር ነው። ባለፈው ስብሰባ ደረቱን ነፍቶ ምን አለ? ከከተማው ምሥራቅ ጉብታው ላይ ከሚኖሩት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ይሄ ነገር የሞት የሽረት ጉዳይ እንደሆነ ካስረዳኝ እጄን አወጣለሁ አለ።

ያ አንድ ሰው አርሊስ ናት። ባሏ ቨርን ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተቀብሮለታል፤ አልጋው አጠገብ ያለች ሣጥን የልቡን ምት በኢንተርኔት ለሐኪሞቹ ትልካለች። የጉብታው መስመር ደግሞ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይቋረጣል። ጥር ላይ ሣጥኗ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ስትል፣ ቨርን ወጥ ቤት ውስጥ እስኪወድቅ ድረስ ማንም የሰማ የለም። አሁን ከአልጋ አይወርድም፤ እሷም ትታው አትወጣም።

ጠዋት ስትደውልልኝ በስልክ ይናገሩ ብያት ነበር። የቤት ስልኳ በአሮጌው ሽቦ ነው የሚሠራው፤ ተቋርጦ አያውቅም። እምቢ አለች። ዱዌይን ቨርንን በዓይኑ ይየው፣ ሣጥኗንም ይያት፣ በቪዲዮ ካልሆነ ምኑን አየው አለችኝ። ቅጹን ራሴ ሞላሁላት። በቪዲዮ የተመዘገበ ሰው ወደ ስልክ መቀየር አይችልም የሚለውንም አነበብኩላት። ግድ የለም፣ ፀጉሬን ልሠራ ልሂድ ብላ ዘጋችው።

ይኸው፣ ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ለዚህ ነው እንግዲህ የምንበደረው?» አለ ክሌተስ ከተቀመጠበት።

ሳቁ እንደገና ሞቀ። አንዲት አስተማሪ ከኋላ ተነስታ፣ ማስረጃው ይኸው ዓይናችሁ ፊት ተገትሮ፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ብላ ተቆጣች። ከንቲባ ሩድ ጠረጴዛውን በመዶሻው መታ መታ አድርጎ ተራዋ እንዳልሆነ ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሰዓቱን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

ገብቶኛል፤ ሰዓቱን እንዳታቆሚ ነው። ባለፈው ግንቦት ልጁን የቀበረ ሰው እንባ አንቆት መናገር ሲያቅተው ሰዓቱን አቁሜለት ነበር። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ይቀረኛል። ጣቴ የሰዓቱ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ ነው፤ አንዴ ጫን ማድረግ ነው፣ ሌላ ምንም ሥራ የለውም። አላደረግኩትም። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል የሚበራው ቢጫ መብራት በራ። ከአርሊስ ትከሻ ኋላ የቨርን ጉልበት ብርድ ልብስ ለብሶ ይታያል። ከባለ ኮፍያዎቹ አንዱ አፉን እንደሷ ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ጎረቤቱን ያስቃል። ዱዌይን ስልኩን ይነካካል። ምናለ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ቢያያት!

ሰባት ሰከንድ ሲቀራት ተንቀሳቀሰች። ዓይኗ ቀልቷል። የያዘችው ወረቀት ተገልብጧል፤ አንብባ ጨርሳለች።

«...ይህን ለልጆቻችን እንኳ ነግረናቸው አናውቅም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ንገሪያቸው ያለኝ ራሱ ቨርን ነው። እስከ መጨረሻው ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ቀዩ በራ። አርሊስም እንደገና ደረቀች፤ አሁን ፈገግ እንዳለች ነው።

ማንም አልሳቀም። ከንቲባው ለግድግዳው እናመሰግናለን ብሎ ወደ ድምፅ አሰጣጡ ገባ። ዱዌይን ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ቃሌን የማከብር ሰው ነኝ አለ፤ የምወስነው በሰማሁት ነው፣ ዛሬ ደግሞ ምንም አልሰማሁም። እጁን መስመሩ ይቅር ከሚሉት ጋር አወጣ። አራት ለሦስት። ባለ ኮፍያዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። አርሊስ ከላይ ሆና ፈገግ እንዳለች ነበረች።

ሰው እየወጣ ሳለ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

«ኖሪን፣ ልጄ፣ እኔ ጋ ምስሉ ቆሟል። ዱዌይን ሰማኝ? ፊቱን አየሽው?»

ከኋላዋ ቨርን ምን አለች፣ ምን አለች እያለ ይጨቀጭቃታል። ቃለ ጉባኤው ፊቴ ተዘርግቷል። ስሟ አጠገብ በገዛ እጄ የጻፍኩትን አነበብኩላት።

«ሦስቱንም ደቂቃ ተናግረዋል፣ ወይዘሮ ቦርሰን።»

«ተመስገን» አለች። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ አልጋው ዞር ብላ፣ ሰምተውናል ቨርን፣ ሁሉንም ሰምተውናል ስትለው ሰማኋት።