የጋሽ አብዱልሐሚድ ሁለተኛ ደም

በ1989 ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለች ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። የካርጎ ሠራተኞች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወጉ፣ ሰውነታቸው በሽታውን የመከላከል አቅሙ ምን ያህል እንደጨመረ ለመለካት ደማቸውን ሁለት ጊዜ እንቀዳ ነበር፤ ከክትባቱ በፊትና ከአራት ሳምንት በኋላ። የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ የምሄደው እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ዙር የመጨረሻ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዘበኛው ጋሽ አብዱልሐሚድ ቀሩ። በዚያ ፀሐይ ገርጂ ቤታቸው ድረስ መሄድ ታከተኝ። በሩን ዘግቼ ከራሴ ግራ ክንድ ቀዳሁና በብልቃጡ ላይ የእሳቸውን ቁጥር ጻፍኩ። ጥጥ ለጥፌ እጅጌዬን አወረድኩ።

ሐሙስ ልጃቸው ሰዲቅ መጣ።

«አባቴ ማክሰኞ አረፉ፣ ሲስተር። ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«እግዜር ያጥናችሁ። ለምኑ ነው የምታመሰግነኝ?»

«ቤት ድረስ መጥተው ደማቸውን ስለቀዱ ነዋ። እኛ እንኳን ያወቅነው አስከሬኑን ስናጥብ ነው። ግራ ክንዳቸው ላይ መርፌው የገባበት ገና ትኩስ ነበር፤ ጥጡም እንደተለጠፈ ነው።»

እውነቱን መናገር ሲገባኝ፣ «ሥራዬ አይደል» አልኩት አቀርቅሬ።

እሱ ሲወጣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠዋት ስታጠብ በልዞ ያየሁት የመርፌ ቦታ ምንም ምልክት የለበትም።

ቀኙንም አየሁ።