ስም የለሹ ጉማሬ

በዛምቢያ የሉዋንሽያ ከተማ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ በአክብሮት አጠራር ባ ካፓሳ፣ ስቀው አያውቁም። ሲወለዱ አዋላጇ «ልጅ ነው ወይስ ዳኛ?» ብላ ጠይቃለች ይባላል። የሠርጋቸውን ፎቶ ለፓስፖርት ተጠቅመውበታል የሚልም አለ፤ ውሸት ነው ብሎ የተከራከረ ሰው ግን አልተገኘም። የአሥረኛ ቢ ክፍል ከቢሯቸው ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ እዚያ ክፍል ተማሪ የሚያስነጥሰው አስፈቅዶ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ማዳም ጄሬ አዲሱን ነገር የጀመረችው በዚሁ ክፍል ነው። ተማሪው ሁሉ በየታብሌቱ ከፍቶ አንድ ላይ የሚጽፍበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይቀጥልበታል። ርዕሱ «የቤታችን ምግብ» የሚል ነበር። ሊንኩን ለተማሪዎቹ ላከች፤ ለወጉ ያህል ለባ ካፓሳም ላከች። እሳቸው ስልካቸውን እስስት የተቀመጠበት ይመስል በአንድ ጣት ገፋ አድርገው፣ እኔ የማውቀው ጠመኔ ነው አሏት።

ልጆቹ በቆሎ ማሳ እንደገባ ፍየል ገጹን ወረሩት። ቺሶሞ ብቻ አልጻፈችም። በዚያ የትምህርት ወቅት ከምሥራቅ፣ ከቺፓታ የመጣች ልጅ ናት፤ ስም ሲጠራ እንኳ በጣቷ ነው የምትመልሰው። ድምፅዋን የሰማ ስላልነበረ፣ ዲዳ ናት ብለው የሚምሉ ነበሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ጉማሬው መጣ።

ገጹ ስሙን ላልጻፈ እንግዳ የአውሬ ስም ያወጣለታል፤ ለዚህኛው «ስም የለሽ ጉማሬ» አለው። ጉማሬውም ፊደሎቹን እንደ ዶሮ አንድ አንድ እየለቀመ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ቺፓታ ውስጥ ድመቶች በረሃብ ያልቃሉ፤ አይጡን ሰዎቹ ቀድመው ይበሉባቸዋልና።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የቤምባ ሕዝብና የእነቺፓታ ሰው ንጎኒ ድሮ በጦር ይፈላለጉ ነበር፤ ዛሬ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸውና የሚፈላለጉት በዘለፋ ነው። ቤምባው ንጎኒውን አይጥ በላ፣ ንጎኒው ቤምባውን ጦጣ በላ ይለዋል፤ ለቅሶ ቤት ቢሆን እንኳ የሚቀየም የለም። ማዳም ጄሬ ራሷ ንጎኒ ስለሆነች ሉዋንሽያ ገበያ በገባች ቁጥር ሽንኩርት ሻጩ ሁሉ ስለ አይጥ ዋጋ ይጠይቃታል። ባ ካፓሳ ብቻ፣ የካሳማ ቤምባ ሆነው ሳለ፣ አንድም ቀን ቀልደውባት አያውቁም። አለቃ ከበታቹ ጋር አይጥና ጦጣ ከተባባለ ነገ ማን ይፈራዋል?

ከዚያ ተአምር ሆነ። ቺሶሞ መለሰች። አያቷ ከአጨዳ በኋላ አይጥ እንዴት እንደምታጠምድ፣ እንዴት ጨው ነስንሳ በእንጨት ሰክታ እንደምታደርቅ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ጽሑፉ እጅግ ያስጎመጅ ስለነበር፣ ቤምባዎቹ ሳይቀሩ ምራቃቸውን ውጠዋል። ጉማሬው ዘለፋት፤ መለሰች። ደግሞ ዘለፋት፤ ደግማ መለሰች።

ታዲያ አንድ ቀልድ የማይወድ አባት ገጹን ከልጁ ታብሌት ላይ አንብቦ እየጨሰ መጣ። ባ ካፓሳም ማዳም ጄሬን አስጠርተው፣ አባትየው ባለበት፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

«በአፍ ሲሆን ቀልድ ነው፤ ሲጻፍ ማስረጃ ነው። ጸሐፊውን እስከ ዓርብ ያቅርቡልኝ፤ አለዚያ ታብሌቶቹን ሰብስቤ እቆልፍባቸዋለሁ።»

ማዳም ጄሬ የታየቻት ቺሶሞ ናት። ገጹ ከተዘጋ ልጅቷም ትዘጋለች።

ጥርጣሬው ያለ ክርክር ሙሶንዳ ላይ ወደቀ። ሙሶንዳ አፉ መቀርቀሪያ እንደሌለው በር ነው፤ ሳይቀልድ የዋለ ቀን ትኩሳት ይይዘዋል። ደግሞ የጉማሬው እንግሊዝኛ እንከን የለበትም፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳ ቦታውን አይስትም፤ ከክፍሉ እንዲህ የሚጽፍ ሙሶንዳ ብቻ ነው። ጠርታ አፋጠጠችው።

«ማዳም፣ እኔ ብሆን ስሜን በትልቁ ነበር የምጽፈው፤» አለ። «እንዲህ ያለ ዘለፋ ለጉማሬ ይተዋል?»

አላመነችውም።

ረቡዕ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ባ ካፓሳ የመምህራን ክፍሉ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ባልዲ ከመደቀን ሌላ ያደረጉት ነገር የለም፤ ያን ቀን ግን ራሳቸው በብስክሌት ገስግሰው ባለሙያውን አመጡት። ሥራ ወዳድ ናቸው፣ አሉ መምህራኑ።

ዓርብ ማዳም ጄሬ ገጹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራችውና ሁሉም ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እጁን ጭንቅላቱ ላይ እንዲጭን አዘዘች። ሙሶንዳን ከፊቷ አስቀመጠችው። ዛሬ ጉማሬው ካልመጣ፣ ነገሩ አለቀ።

ጉማሬው መጣ።

«የአይጥ ዘመዶች፣» ብሎ ጻፈ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ፣ «ዛሬ ዝም ያላችሁት ድመት አይታችሁ ነው?»

ሙሶንዳ እጁን ከጭንቅላቱ ሳያነሳ ዞረ። «እሺ፣ አሁን ይቅርታ የሚጠይቀኝ ማነው?»

ከወደ ኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ክፍሉ የማን እንደሆነች ለማወቅ መዞር ነበረበት።

«ማዳም፣» አለች ቺሶሞ፣ «እኔ ልመልስለት?»

ማዳም ጄሬ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቺሶሞ ታብሌቷን አንስታ ጻፈች፤ ክፍሉም ከግድግዳው ላይ አነበበ፦ «እኛ አይጥ ስንይዝ አይጥ መሆኑን እናውቃለን። እናንተ ግን ጦጣዋን ድስት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት፣ አክስታችሁ አለመሆኗን የምታረጋግጡት እንዴት ነው?»

ሁሉም እጁን ጭንቅላቱ ላይ እንደጫነ፣ የጉማሬውን መልስ ጠበቀ።

ከግድግዳው ማዶ፣ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሉዋንሽያ ሰምታው የማታውቀው ሳቅ ፈነዳ፤ የሰሌዳው ጠመኔ ሁሉ ረገፈ።