የ2005 ፎልደር

ማናለብሽ የማጥፊያውን ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ጠየቃት፤ «በ2005 ውስጥ ያሉ 312 የድምፅ ፋይሎች ላይመለሱ ይጠፋሉ። ይጥፉ?» ከማጥፋቱ በፊት እንዲጠይቃት ያደረገችው ራሷ ነበረች፤ በዚያ መስኮት የተሰረዘ ነገር የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንኳ አይገኝም። አሁን ግን ቸኩላለች። ዲስኩ ሞልቷል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዘንገና የሚመጡ ሽማግሌዎች ድምፅ ለአዊኛው መዝገበ ቃላት ይቀዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ቀኑ ሁሉ የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር፣ 2005 ለእሷ የዘጠኝ ዓመት አሮጌ ነገር ነበር።

«አዎ» ልትል ጣቷን ቁልፉ ላይ ካሳረፈች በኋላ ዞር አለች። «ጋሼ ይኸነው፣ ይቺን የ2005ን አሮጌ ላጥፋት አይደል?»

ቃላቱን የሚሰበስቡት ጋሼ ይኸነው መነጽራቸውን አወለቁ። «የምን አሮጌ? የአምናውን?»

ጣቷን ቶሎ አነሳች። የፎልደሩን ስም የጻፉት እሳቸው ነበሩ፤ በእኛው አቆጣጠር።

«እናቴ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላ ቅጂ የለኝም።»

ማናለብሽ ለኮምፒውተሩ «አይ» ብላ መለሰች። «ይቅርታ ጋሼ።»

«ምን ይቅርታ አለው? ጠየቅሽ እኮ።» ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። «ከቀበርኳት ወዲህ ደፍሬ ሰምቻት አላውቅም። እስቲ ክፈቻት።»

ማናለብሽ ፋይሉን ስትከፍተው አሮጊቷ እናታቸው የገብስ ዓይነቶችን በአዊኛ ትቆጥር ጀመረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ስሙ ጠፍቷት ዝም አለች። ጋሼ ይኸነው ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉና ቃሉን ቀስ ብለው አቀበሏት።