ጎበጥ ያለው ጅማት

የእሳት እራት ዝርያው የሚለየው በክንፉ ጅማት ነው። የክንፉን ዱቄት በአልኮል አጥበን፣ ጅማቱን በማይክሮስኮፕ እያየን እንስላለን። ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍላችን አንጋፋ ባለሙያ ጋሼ ናቸው።

አንድ ቀን ሳጥብ ክንፉ ተቀደደብኝ። ለጋሼ መናገር አፍሬ የጎደለውን ጅማት ከራሴ ፈጥሬ ሳልኩት። መሃል ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ፤ ደንግጬ እጄ ሳተና መስመሩ ጎበጥ አለ። እንዳለ ተውኩት።

አለቃችን ሥዕሉን አይቶ "አዲስ ዝርያ አገኘሽ" አለኝ።

ጋሼ ግን "የለም፣ ይቺን አውቃታለሁ። ጅማቷ ቀጥ ያለ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ ሠላሳ አሉ" አሉ። አለቃው መሳቢያውን ለመክፈት እንኳ አልተነሳም። "ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል" ብሎ በወሩ ጡረታ አስወጣቸው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ሲሰናበቱኝ ማጉያ መነጽራቸውን እጄ ላይ አስቀምጠው "እንግዲህ አንቺ እይልኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

ነገሩ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ቆረጥኩና አለቃዬን ጠርቼ "ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ና ላሳይህ" አልኩት። አቧራ የለበሰውን መሳቢያ ከፈትኩ። እኔ ሳልወለድ ጋሼ በመርፌ የሰኳቸው ሠላሳዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱን አጥቤ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። ሌላም አጠብኩ። ሌላም። የሁሉም ጅማት ልክ እጄ የሳተበት ቦታ ላይ ጎበጥ ብሏል።

አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሽው?" አለኝ።