ከልኩ በላይ

ታላቅየው እጁን ከውኃው መዘውር ላይ አላነሳም። የዓመቱ መጨረሻ ቀን ነበር፤ በታዝማኒያ ተራራ ሥር ያለው አሮጌ የውኃ ኃይል ማመንጫው ሕግ የቆረጠለትን የዓመት ልክ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕጉ አሮጌ ማመንጫን የሚቆጥረው ከልኩ በላይ ሲያመነጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት በገበያ የሚሸጥ አንድ የንጹሕ ኃይል ሰርተፊኬት ይሰጠዋል። ኮረብታው ላይ ያለው የታናሽ ወንድሙ የነፋስ ማመንጫ ግን ገና ትናንት ተተክሎ ከመጀመሪያዋ ሜጋዋት ሰዓት ጀምሮ ሰርተፊኬቱን ያፍሳል። ሕግም እንደ እናታቸው የመጨረሻ ልጅ ትወዳለች።

ስልኩ ጮኸ። «ነፋሱ በርትቶ ኃይል ተርፎናል፤ ውኃህን ዝጋ» አለ የኃይል መረቡ ተቆጣጣሪ።

ቢራ ይዞ ሊጠይቀው የመጣው ታናሽየው፣ «ምነው ፊትህ ጠቆረ፣ አንተ ሽማግሌ?» ብሎ ሳቀና ስልኩን ከእጁ ነጠቀው። «የኔን ሁለት ማሽን አቁሙና ቦታውን ለሱ ስጡት። ጡረታ ሳይወጣ አንዲት ሰርተፊኬት ይቅመስ እንጂ!»

ተቆጣጣሪው እሺ አለ። በመስኮቱ ማዶ፣ ከሚሽከረከሩት መሐል የሁለቱ ክንፍ ቀስ እያለ ቆመ። ቆጣሪው ወደ ልኩ ተጠጋ፤ አንዲት ሜጋዋት ሰዓት ብቻ ቀረችው።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለ ታናሽየው፣ ቢራውን እየከፈተ። ልጅ ሳሉም ጠግቦ የተረፈውን ሳህን እንዲህ እየሳቀ ነበር የሚገፋለት።

ታላቅየው መዘውሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ውኃውን ዘጋው።